ወጥ ያልቀመሰችው ምግብ አብሳይ፦ ከባሕር ዳር አንድ የጉዳይ ጥናት

## ለምን ይመዘገባል

ይህ ጽሑፍ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል ማዕድ ቤት የሆነውን ይመዘግባል። አንዲት ወጣት ምግብ አብሳይ በጾም የፍስክ ወጥ አልቀምስም አለች። ነገሩ ከማዕድ ቤቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ሥራዋን ልታጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሥራዋንም አላጣችም፣ ጾሟንም አልሻረችም። ግን ዋጋ ከፍላበታለች፤ እሱንም እጽፋለሁ።

ታሪኩን የማውቀው ከቅርብ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት አብረን አገልግለናል። ችግሩ ሲገጥማት ካማከረቻቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የእሷን፣ የሆቴሉንም ሆነ የሌሎቹን ስም አልጠቅስም። እንዲጻፍ የፈቀደችው ራሷ ናት፤ ከመውጣቱ በፊትም አንብባዋለች።

እምነትን በአደባባይ መመስከር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሰማዕታትን ነው። በሚያዝያ 2007 በሊቢያ የተሠዉት ወንድሞቻችን ነገር ገና ከልባችን አልወጣም። እነሱ የቆሙበት ቦታ ላይ መቆም ለጥቂቶች የሚሰጥ ጸጋ ነው። ብዙው ክርስቲያን የሚፈተነው በሥራ ሰዓት ነው፤ በአለቃ፣ በደንበኛ፣ በባልደረባ ፊት። ስለዚህኛው ፈተና የሚጻፈው ትንሽ ነው። ምን ላድርግ ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች ግን ብዙ ናቸው። በዝርዝር የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

## ከየት መጣች

እህታችን ተወልዳ ያደገችው ዘጌ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ዘልቆ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጫካው ቡና ነው። በጫካው ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን የመሳሰሉ ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት አሉ። በዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። አባቶች ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር ያያይዙታል። ሕዝቡ በቡናውና በጌሾው ይተዳደራል።

ይህን ያነሳሁት ለጉዳዩ ስለሚጠቅም ነው። ያደገችው የሃይማኖት ሥርዓትና የዕለት እንጀራ ተስማምተው በሚኖሩበት አገር ነው። ለሥርዓቱ ሲባል በሬ ቀረ፤ ሰዉ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ አበጀ። በኋላ ማዕድ ቤት ውስጥ ያደረገችው ነገር ከዚህ አስተዳደግ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ለትምህርት ነው። ምግብ ዝግጅት ተምራ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተቀጠረች። በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ቱሪስት ከጠፋ ቆይቷል። ገዳማቱን ለማየት የሚመጣው ሰው ቀንሷል፣ ጀልባዎቹም አብዛኛውን ቀን ቆመው ይውላሉ። ሆቴሎቹን ያቆማቸው ስብሰባና ሥልጠና ነው። ሠራተኛ የቀነሱ አሉ። በዚህ ጊዜ ሥራ ያለው ሰው ሥራውን አጥብቆ ይይዛል። እሷም ከደሞዟ ላይ ለእናቷ ትልክ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟንም ታስተምር ነበር።

## እስከዚያ ድረስ እንዴት ትጾም ነበር

በተዋሕዶ ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይበላም። በሆቴል ማዕድ ቤት ግን የጾምና የፍስክ ምግብ ጎን ለጎን ይሠራል። የጾም በየዓይነቱ በአንድ ምድጃ፣ ዶሮ ወጥ በሌላው። ምግብ አብሳይ ደግሞ ሳይቀምስ አያወጣም።

ባለፉት ዓመታት ይህን በዘዴ ታልፈው ነበር። የፍስክ ወጥ ስትሠራ አንድ ባልደረባዋን «እስኪ ጨዉን እይልኝ» ትለዋለች። የድሮው ዋና ሼፍ እሱም ጿሚ ስለነበር ነገሩን ያውቃል፤ አይቶ ያልፋል። ማንም አልጠየቀም፣ እሷም አልተናገረችም።

በ2017 ጥር ላይ አዲስ ሼፍ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ የሠራ ባለሙያ ነው። ገና እንደገባ አንድ እንግዳ ስለ ምግቡ ቅሬታ አቀረበ። ሼፉ በማግስቱ አዲስ አሠራር አወጣ። እያንዳንዱ ኩክ የሠራውን ራሱ ይቀምሳል፤ ከዚያ ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ ሳይፈረም ቡፌ ላይ አይወጣም። አሠራሩ ትክክል ነው። በማንም እምነት ላይ ተነጣጥሮ የወጣም አይደለም። ይህን ሳይረዱ የጉዳዩን ቀሪ ክፍል መፍረድ አይቻልም።

## ችግሩ የፈነዳበት ቀን

ጾሙ የካቲት 17 ገባ። በዚያው ሳምንት ሆቴሉ ውስጥ ትልቅ ሥልጠና ነበር፤ ከሠልጣኞቹ የማይጾሙ ብዙ ነበሩ። እሷ ዶሮ ወጥ ላይ ተመደበች። ምሳ ሊወጣ ሲል ሼፉ ቅጹን ይዞ መጣ።

«ቀመስሽው?»

«አልቀመስኩም ሼፍ። ጾም ላይ ነኝ።»

«ቅመሺና ትፊው። ማን ዋጪ አለሽ?»

«በአፌም አላስገባም።»

«እኔም እኮ ኦርቶዶክስ ነኝ። ይሄ ሥራ ነው» አላት።

ማዕድ ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰምቷል። ሼፉ ወጡን ራሱ ቀምሶ ፈረመና እሷን ሽንኩርት መላጥ ላይ አዞራት። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል የለውም። የሚለው «የሥራ ትእዛዝ ባለመቀበል» ነው።

በጣም የጎዳት ማስጠንቀቂያው አልነበረም። «እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ» የሚለው ቃል ነው። ከሌላ እምነት ሰው ቢመጣ ይቀለኝ ነበር አለችኝ። ይህ ብዙ ወጣቶች ላይ የማየው ነው። ከውጭ ለሚመጣ ተቃውሞ ልባቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ፈተናው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው አብሮ ከሚያስቀድስ ሰው ነው።

## የንስሐ አባቷ ምክር

ያን ቀን ማታ ሥራውን ልትለቅ ወስና ነበር። ከመልቀቋ በፊት ንስሐ አባቷ ጋር ሄደች። ለጉዳዩ መልክ የሰጡት እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን ለዩላት። «ልጄ፣ አትጹሚ አሉሽ ወይስ ቅመሺ አሉሽ?» ብለው ጠየቋት። ሼፉ ጾሟን አልከለከለም። ያዘዘው ሥራ ከጾሟ ጋር ተጋጨ እንጂ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ መልሳቸውም አንድ አይደለም።

ቀጥለው ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን አነበቡላት። ዳንኤል በንጉሡ መብል ላለመርከስ በልቡ አሰበ። ከዚያ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነ። አለቃው «ንጉሡን እፈራለሁ» አለው፤ ፊታችሁ ከስቶ ቢያይ ራሴን ያስቆርጠኛል ማለቱ ነው። ዳንኤልም በእነሱ ላይ የተሾመውን ሰው «ዐሥር ቀን ፈትነን» አለው። አባታችን እዚህ ላይ ቆም አሉና «ዳንኤል የሰውየውን ፍርሃት ሰማ። ያንቺ አለቃ የሚፈራው ምንድን ነው?» አሏት።

እሷ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ሼፉ የሚፈራው ያልተቀመሰ ወጥ ወጥቶ ሌላ ቅሬታ እንዳይመጣበት ነው። አዲስ ሰው ነው፤ ገና እየተፈተነ ነው። የእሷ ጾም እሱ ላይ አደጋ ሆኖ ታይቶታል።

አንድ ሌላ ነገርም ከአባ ጋር ተነጋግረዋል። እሷ በጾሙ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም ነበር። ታዲያ የጾሙን ሽሮና ምስር ለምሳ ስትሠራ እንዴት ትሁን? አባ ከእሳት ፊት ቆሞ መሥራት ከባድ መሆኑን አይተው፣ በሥራ ቀን የጾሙን ምግብ እንድትቀምስ ፈቀዱላት። ሰዓቱን ላቃልልሽ እችላለሁ፤ ሥጋና ቅቤውን ግን በጾም አልፈቅድልሽም አሏት። ስለ ዓሣም ጠየቀች፤ እዚህ ጣና ዳር ቀረሶ በጾም የሚበላ ብዙ ነው፣ ሆቴሎችም ከጾም ምግብ ተርታ ያስገቡታል። ለዓሣውም መልሳቸው ያው ነበር።

በመጨረሻ የሚቀምሱትን ባልደረቦቿን እንደ ኃጢአተኛ እንዳታያቸው አዘዟት። ይህ ትእዛዝ በኋላ በጣም ጠቅሟታል።

## ሕጉ ምን ያህል ረዳ

ሕጉን አብረን አየነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ያረጋግጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 26 ሃይማኖት ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግም በአዋጁ የተከለከለ ነው።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በሃይማኖት ስም አልነበረም። አሠሪው «ትእዛዝ አልቀበልም አለች» ይላል፤ እሷ «ትእዛዙ ከእምነቴ ጋር ተጋጨ» ትላለች። ክርክሩ ረጅም ይሆናል፣ እስኪያልቅም እሷ ከሥራ ውጭ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሕጉን አወቀችው እንጂ አልመዘዘችውም። ደብዳቤዋ ላይ አንቀጽ አልጠቀሰችም። ማወቋ ግን ድምፅዋን አረጋጋው። መብት እንዳለው የሚያውቅ ሰው ሲለምንም ቀና ብሎ ነው።

## ያቀረበችው ሐሳብ

አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። የመጀመሪያው ረቂቅ ስብከት ይመስል ነበር፤ ጥቅስ በጥቅስ ነበር። ቆራረጥነው። ስለ እምነቷ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ስለሆንኩ በጾም ወቅት የፍስክ ምግብ በአፌ አላስገባም።» ይቅርታ አልተጠየቀበትም፣ ማብራሪያም አልተጨመረበትም።

የቀረው ገጽ ስለ ሥራ ነው። ሦስት ነገር አቀረበች። አንደኛ፣ የፍስክ ወጦች በሙሉ በግራም የተጻፈ ልክ ይኑራቸው፤ ጨውም ቅመምም በሚዛን ይግባ። ሁለተኛ፣ እሷ የሠራችውን የፍስክ ወጥ የሚቀምስ ሰው በስም ይመደብና ቅጹ ላይ ከእሷ ጋር ይፈርም። ሦስተኛ፣ በምላሹ የጾሙን ቡፌ ሙሉ ኃላፊነት እሷ ትውሰድ። ይህ ለአንድ ሳምንት ይሞከር፤ ቅሬታ ከመጣ እንነጋገር።

ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ አልወሰደችውም። መጀመሪያ ለሼፉ ሰጠችው። ይህን ያደረገችው በራሷ ነው፤ እኛ ተቃራኒውን መክረናት ነበር። በላዩ አልፌ ከሄድኩ ፍርሃቱን እጨምርበታለሁ አለች። ልክ ነበረች። ሼፉ አንብቦ ወዲያው መልስ አልሰጠም። ሚዛኑን ግን ከስቶር አስወጣ።

ቀማሹ ማን ይሁን የሚለው ቀላል አልነበረም። ከኩኮቹ አንዱ ሙስሊም ነው። እሱ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ በዚያ ላይ የካቲት 22 ረመዳን ገባ፣ እሱም ጾም ላይ ነበር። ሌላው ፕሮቴስታንት ነው። እሱ በፈቃዱ «እኔ እቀምስልሻለሁ» አለ። እሱ በማይገባባቸው ቀኖች ሼፉ ራሱ እንዲቀምስ ተስማሙ። ሙስሊሙ ባልደረባዋም ከእሷ ደብዳቤ በኋላ የራሱን ነገር ለሼፉ ነገረ። እሱም እስከዚያ ድረስ በዝምታ ነበር የሚያልፈው።

## ፌስቡክ ላይ የወጣው ነገር

ነገሩ መስመር ሊይዝ ሲል የአክስቷ ልጅ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። የሆቴሉን ስም ጠርቶ «እህታችን ጾሟን እንድትሽር ተገደደች» አለ። ተገደደች የሚለው እውነት አይደለም፤ አልቀመሰችም፣ ማንም በግድ አላቀመሳትም። ጽሑፉ በአንድ ሌሊት ተሰራጨ። ሆቴሉን እንዳትረግጡ የሚል አስተያየት ተጻፈ። ሼፉ ተሰደበ። ጥቂቶች ደግሞ ነገሩን ወደ ዘርና ወደ ፖለቲካ ወሰዱት። የሼፉን እምነት ሳያውቁ «መናፍቅ» ያሉት ነበሩ።

ሥራ አስኪያጁ ጠራት። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። በከተማው ሁኔታ እንዲህ ያለ ወሬ ለሆቴል አደገኛ ነው፤ አንድ ሥልጠና ቢሰረዝ የብዙ ሰው ደሞዝ ይነካል። «ካንቺ ጋር መቀጠል የምንችል አይመስለኝም» አላት። እሷም «የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። የተጻፈው ግን ስለ እኔ ስለሆነ ላስተካክለው የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» አለችው።

የአክስቷን ልጅ አጥፋው ስትለው እምቢ አለ። «ፈርተሽ ነው» አላት። እሷ መለሰች፦ «የምለውን ማዕድ ቤት ቆሜ ብያለሁ። ያልሆነ ነገር ተጨምሮ እንዲመሰከርልኝ አልፈልግም።» ልጁ ያጠፋው አክስቷ ከገባችበት በኋላ ነው። ያም ሆኖ የጽሑፉ ፎቶ በቴሌግራም ሲዞር ሰነበተ።

በማግስቱ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት ለሼፉ ተናገረች። «በእኔ ምክንያት ስለተሰደብክ አዝናለሁ። የተጻፈው ልክ አይደለም፤ አንተ ጾምሽን ፍቺ አላልከኝም» አለችው። ቀጥላም «አሁንም ግን አልቀምስም» አለች። ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ጫፍ ይህ ነው። ሼፉን ከሐሰት ነጻ አወጣችው፣ ከአቋሟም አልተነቃነቀችም። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ በዚያው ማዕድ ቤት፣ በዚያው ሰው ፊት አለች። ያን ያህል ድፍረት በፌስቡኩ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በኋላ የአንድ ሳምንቱን ሙከራ ፈቀደ።

## ሙከራው፦ የሠራውና ያልሠራው

ሚዛኑ ሠራ። ለአንድ ኪሎ ወጥ 10 ግራም ገደማ ጨው ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ እንደ ወጡ ዓይነት ዝቅና ከፍ አደረጉት። ምግቡ ከቀን ቀን አንድ ዓይነት መሆን ጀመረ። ለሼፉ ይህ ከጠበቀው በላይ ነበር። የሌሎቹንም ወጦች በግራም እንዲጻፉ አደረገ።

በሙከራው መሐል አንድ ቀን ግን ዶሮ ወጡ ጨው በዛበት። ቀማሹ አግኝቶት ሳይወጣ ተስተካከለ። ምክንያቱ በርበሬው ነበር። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ያን ሳምንት የመጣው ከሌላ አቅራቢ ነው፣ ጨዉም ይበልጥ ነበር። በሚዛን ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ ታየ። ከዚያ ወዲህ አዲስ በርበሬ ሲገባ መጀመሪያ በትንሽ ሽሮ ይሞከራል። ሽሮውን እሷ ትቀምሰዋለች።

ጭልፋም አጨቃጨቀ። የጾሙና የፍስኩ ጭልፋ በችኮላ ይደባለቅ ነበር። የጾሙን በቀይ ፕላስተር ምልክት አደረጉበት። ይህ ለእሷ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የጾም ምግብ ለሚያዝ እንግዳም ይገባዋል። ጾመኛ ደንበኛ ቅቤ የነካው ሽሮ ቢቀርብለት የሚቆጣው እሷን አይደለም፣ ሆቴሉን ነው። ሥራ አስኪያጁን የበለጠ ያሳመነው ይህ ክርክር ይመስለኛል።

ያልሠራ ነገርም አለ። ደብዳቤውን ሁሉም የተረዳው ስለ ዐቢይ ጾም ብቻ አድርጎ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም እሷም እንደማንኛውም ሰው ትቀምስ ነበር፤ ሁሉም ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሰኔ 2 የሐዋርያት ጾም ሲገባ እንደገና አልቀምስም አለች። ሼፉ ተገረመ። «አላለቀም እንዴ?» አላት። ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት እያለች ስትቆጥርለት እሱም ያውቃቸዋል፤ ግን እንደ ሥራ መርሐ ግብር አስቧቸው አያውቅም። ከብዙ ንግግር በኋላ የዓመቱ አጽዋማት በሙሉ የሺፍት ሰሌዳው ላይ ተጻፉ።

## የከፈለችው ዋጋ

የማታ ድግስ ላይ የሚሠሩ ኩኮች ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ። ድግስ ደግሞ ባብዛኛው ሥጋ ነው። ሼፉ ቀማሽ ፍለጋ ላለመቸገር በጾም ወራት ከድግስ አወጣት። ገቢዋ ቀነሰ፤ ለዘጌ የምትልከውም አብሮ ቀነሰ። ለትኩስ ምግብ ክፍል ኃላፊነት ስሟ ተነስቶ ነበር፤ ሌላ ሰው ተሾመ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እስከ አሁን ፋይሏ ውስጥ ነው። እንዲነሣላት ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

ከባልደረቦቿ አንዷ፣ ራሷ ኦርቶዶክስ የሆነች፣ ለሳምንታት አኮረፈቻት። «ቅድስት» የሚል ስም አወጣችላት። «የጾሙን ትቀምሳለች፣ የፍስኩን አትቀምስም፣ ምን ዓይነት ጾም ነው?» ትል ነበር። እህታችን አልመለሰችላትም። የአባ ትእዛዝ የጠቀማት እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ስትቀምስ ገላምጣት አታውቅም፣ አንድ ቀንም ለምን አትጾሚም አላለቻትም። ኩርፊያው ከፋሲካ በኋላ በረደ። አሁን ሰላምታ አላቸው፤ ወዳጅነታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

## ለሌላው የሚተርፈው

ተመሳሳይ ነገር ለገጠመው ሰው ከዚህ ጉዳይ የምወስዳቸውን ልጻፍ።

ከሁሉ የሚቀድመው መናገሪያው ጊዜ ነው። እሷ ለዓመታት በዘዴ ስታልፈው ነበር፤ አዲስ አለቃ ሲመጣ ዘዴው ተሰበረና እምነቷ መጀመሪያ የተሰማው እንደ እምቢታ ሆኖ ነው። ሥራ ሲጀመር ወይም አለቃ ሲለወጥ፣ ጾም ሳይገባ፣ በሰላሙ ጊዜ መናገር ይሻላል። አለቃ ወጥ ሊወጣ ሲል የሚሰማውን ነገርና አስቀድሞ የሚሰማውን ነገር እኩል አይቀበለውም።

የማልችለው ይህ ነው ካሉ በኋላ የምችለውን ማስከተል ያስፈልጋል። የምትችለው በሥራ ቋንቋ ይጻፍ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ልክ። እምነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ብዙ ወጣቶች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ስለ እምነታቸው ሦስት ገጽ ይጽፋሉ፣ ስለ ሥራው ምንም አያቀርቡም። አለቃውም ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያውቅም።

ወሰኑን ከንስሐ አባት ጋር መለየት ያስፈልጋል። የሰዓቱና የምግቡ ጉዳይ ባይለይ ኖሮ እሷ ሁሉንም አልቀምስም ትል ነበር፤ ያኔ ሼፉ እውነትም ምግብ አብሳይ አልነበረውም። የትኛው እንደሚቃለል፣ የትኛው እንደማይነካ ለብቻችን አንወስንም። እሷ በሁሉም ፊት «አሁንም ግን አልቀምስም» ስትል ያልተንቀጠቀጠችው ወሰኑ አስቀድሞ ስለተለየላት ነው።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ በግልጽ እናገራለሁ። ለእምነቱ የቆመን ሰው መደገፍ የምንፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ራሱን እንጠይቀው። የአክስቷ ልጅ ክፉ አላሰበም፤ ተቆርቁሮ ነው። ግን ያልሆነ ነገር ጨመረ፣ የማያውቀውን ሰው አሰደበ፣ ሊረዳት የፈለጋትን እህቱን ከሥራ ሊያስወጣ ነበር። በሐሰት የተደገፈ ምስክርነት ክርስቶስን አያከብርም። የደረሰው በደል እውነት በሆነበት ቦታ እንኳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አለቃው፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ወደ ሕጉ ነው።

የሚቀር ነገር አለ። ዋጋው ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ድግሱና ሹመቱ ሄደዋል። ጥሩ ደብዳቤ ብጽፍ ምንም አላጣም ብሎ የሚጀምር ሰው መንገድ ላይ ይሰበራል። ምን ያህል ማጣት እንደምችል፣ ቤተሰቤስ ምን ያህል ይችላል ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። እሷ ከእናቷ ጋር በስልክ ተነጋግራበታለች። እናቷ «የምትልኪው ቢያንስም እንችላለን» ብለዋታል።

## አሁን ያለበት ሁኔታ

ሰሌዳው እየሠራ ነው። በፍልሰታ ጾም ሌላ አንድ ወጣት ኩክም የፍስክ አልቀምስም ብሎ ስሙን አስጻፈ። ሼፉ አልከለከለውም። ግን ሁለት ሰው በአንድ ሺፍት ካልቀመሰ ፕሮቴስታንቱ ባልደረባቸው ብቻውን እንደሚጨናነቅ ነገራቸው፤ ቀማሹም ጫናው በዝቶበታል። ስለዚህ ጿሚዎቹ በአንድ ሺፍት እንዳይመደቡ ሐሳብ ቀርቧል። እህታችን ደግሞ የጠዋቱን ሺፍት ለወጣቱ ለመልቀቅ ፈቃደኛ ናት፤ ግን እሷ ከሰዓት ብትገባ ሥራ የምትወጣው ማታ ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ወደ ሰፈሯ የሚሄድ ባጃጅ ማግኘት ያስቸግራል። የሆቴሉ ሰርቪስ እስከ ሰፈሯ እንዲያደርሳት ማመልከቻ አስገብታለች። መልሱን እየጠበቀች ነው።